የደሴው ድረ ገጽ የት ይኖራል?
አነስተኛ የዌብ ሆስቲንግ ድርጅት በነባሮቹ መካከል

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል የክፍል ዋጋ ስንት እንደሆነ ለማየት የሆቴሉን ድረ ገጽ በእጅ ስልኩ ከፈተ እንበል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል። የነጋዴው ጥያቄ ግን በሐረጎ በኩል አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ሀገሪቱ ዋና የኔትወርክ ማዕከል ያመራል፤ ከዚያም በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ድንበር አቋርጦ፣ በባሕር ወለል በተዘረጋ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ይገባል፤ እዚያ ካለ ኮምፒዩተር የሆቴሉን ፎቶግራፍና የዋጋ ዝርዝር ተቀብሎ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። የሆቴሉ ባለቤትም ለዚያ ኮምፒዩተር በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላሉ፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ብዙ ጊዜ ኪራዩን የሚከፍለው ውጭ ሀገር ያለ የቤተሰብ አባል ካርድ ነው።

ይህን የተመለከተ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ፣ «ይህን ኪራይ እኔ እዚሁ ደሴ ሆኜ ለምን አልሰበስበውም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። ሥራው በመሠረቱ የሚጠይቀው እውቀት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ነው፤ የሊነክስ ሥርዓት፣ የኔትወርክ ትምህርት፣ የዳታቤዝ አያያዝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ያለው በመሆኑ እውቀቱ ያላቸው ወጣቶች በአካባቢው አሉ። ታዲያ የሚከብደው ምኑ ላይ ነው? ሥራውን የሚያስቡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት የነባሮቹን ኩባንያዎች የረከሰ ዋጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ግን ዋጋው ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ነው።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ

ዌብ ሆስቲንግ ማለት የአንድን ድረ ገጽ ፋይሎች፣ ዳታቤዝና የኢሜይል ሣጥኖች ቀንና ሌሊት በማይጠፋ፣ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ማከራየት ነው። ይህ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። በመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ዓመታት እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ያስፈልገው ነበር። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 የወጣው ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. 1.1 የተባለው የመግባቢያ ሥርዓት ነው። በአዲሱ ሥርዓት የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ሲያንኳኳ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም አብሮ እንዲናገር ተደነገገ። አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ተከራይ ቢኖር ደብዳቤ አዳዩ በሩ ላይ ቆሞ ስም እንደሚጠራው ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተከራይ የተለየ በር ማበጀት አያስፈልግም። በዚህች ትንሽ ማሻሻያ ምክንያት በአንድ ሰርቨር በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ማስተናገድ ቀላል ሆነ፤ ዛሬ የምናውቀው ርካሹ የጋራ ሆስቲንግም በዚሁ ተስፋፋ።

አጋጣሚ ሆኖ ኢትዮጵያም የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ መስጠት የጀመረችው በዚያው በጃንዋሪ 1997፣ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነበር።

በሌላው ዓለም ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. ኦክታቭ ክላባ የተባለ ወጣት የምህንድስና ተማሪ በሰሜን ፈረንሳይ ኦቪኤች የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ዛሬ በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ብሬንት ኦክስሊ የተባለ የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ ሆስትጌተርን ጀመረ፤ የራሱ የመረጃ ማዕከል አልነበረውም፤ ሰርቨሮችን ከሌላ ኩባንያ ተከራይቶ ቆራርሶ ያከራይ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ድርጅቱን ኢንዱራንስ ኢንተርናሽናል ግሩፕ ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። እነዚህን ታሪኮች ለወጣቶች ስንነግር አንድ ነገር እንዘነጋለን። ሁለቱም ተማሪዎች በሀገራቸው ገንዘብ ገዝተው በሀገራቸው ገንዘብ ሸጠዋል፤ የሚያልፉበትን መስመር የሚያቀርቡላቸውም ብዙ ተፎካካሪ ድርጅቶች ነበሩ። የደሴው ምሩቅ ከሁለቱ አንዱም የለውም፤ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባለመስመሩ ተፎካካሪ ሲሆን

በኢትዮጵያ የቴሌኮም አገልግሎት ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኅዳር 2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ተተካ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

ኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከማከራየቱም በላይ የድረ ገጽ ሆስቲንግ ይሸጣል፤ በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያበቁትን የሀገሪቱን የዶሜይን ስሞችም የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢው ድርጅት መስመሩን የሚገዛው፣ ስሙን የሚያስመዘግበውና ደንበኛ የሚሻማው ከአንድ ድርጅት ጋር ነው። ይህን ስንል ባለመስመሩ ሆን ብሎ ይጎዳል ማለታችን አይደለም። የገበያው ቅርጽ ግን ይህ ነው፤ ገበያ ላይ ሱቅ የሚከፍት ሰው የሱቁ አከራይ፣ የዕቃው አከፋፋይና የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት አንድ ሰው ቢሆኑበት የሚያስበውን ያህል ማሰብ አለበት።

በአዲስ አበባ ደግሞ የግል ድርጅቶች አሉ። የጋራ ሆስት የመሳሰሉ ሀገር በቀል የሆስቲንግ ድርጅቶች ከደሴው ምሩቅ ቀድመው ገበያውን ለምደውታል። ጎሮ አካባቢ በሚገኘው የአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ ውስጥም ሬድፎክስ፣ ዊንጉና ራክሲዮ የተባሉ ድርጅቶች የመረጃ ማዕከላት ገንብተዋል። እነዚህ የኋለኞቹ ለምሩቃችን ተፎካካሪ የመሆናቸውን ያህል አቅራቢም ሊሆኑት ይችላሉ፤ ቦታና ኤሌክትሪክ ያከራያሉና።

ሰርቨሩን ደሴ ላይ ማቆም ይቻላልን?

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያልሙት ይህንኑ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰርቨር፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ሳይንሱ ምን ይላል?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። የደሴ ብርድ ለሰርቨር ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሰርቨር የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት አየር ብዛት በመሆኑ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። በመረጃ ማዕከላት ዘንድ የታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቀነስ ያዝዛል። 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር ደሴ ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ መቆም አለበት ማለት ነው። ደሴ ላይ ይህ አያስጨንቅም፤ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ኮምቦልቻ ላይ ግን የተፈቀደው ገደብ ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ ቢልም የበጋው ሙቀት ማቀዝቀዣ ያስገዛል። እንግዲህ ከሁለቱ ከተሞች ለሰርቨር የምትመቸው ደጋዋ ናት።

ሙቀቱ ቢያልፍም ኤሌክትሪኩ አለ። የሆስቲንግ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው «99.9 በመቶ» የሚል ቁጥር ያስቀምጣሉ። ይህ ቁጥር ትልቅ ይምሰል እንጂ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል። 99 በመቶ ቢሆን መቋረጡ ወደ 88 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይደርሳል። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ የሚያውቅ አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ ባትሪ፣ ሁለተኛ የፋይበር መስመር ከሌላ አቅጣጫ፣ የራስ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች፤ ሁሉም ወጪ ነው። የአድራሻው ነገር ብቻውን አንድ ራስ ምታት ነው፤ በዓለም ያሉት የአሮጌው ሥርዓት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ያልተመደቡት በጥር 2003 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ማዕከል ማለቃቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ አድራሻ እንደ ከተማ ቦታ የሚከራይና የሚሸጥ ንብረት ሆኗል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቅር የሚያሰኝ ነው፤ ሰርቨሩ ደሴ አይቁም። ሆስትጌተርም የራሱን ሕንፃ ሳይሠራ ነው ያደገው። ምሩቃችን ከትልቅ ማዕከል ሰርቨር ተከራይቶ፣ ቆራርሶ፣ በደሴ ያከራይ።

ከየትኛው ማዕከል? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደሴ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ በተፈጥሮ ሕግ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ ማነስ አይችልም። ገመዱ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ዞሮ ስለሚሄድ፣ በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎችም ጊዜ ስለሚወስዱ እውነተኛው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ከመከፈቱ በፊት አድራሻ ለመጠየቅ፣ ለመጨባበጥና የምሥጢር ቁልፍ ለመለዋወጥ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ እናም የመጀመሪያው ፊደል ሳይታይ ግማሽ ሴኮንድ ያልፋል። እስከ አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ደርሶ መልሱ በንድፈ ሐሳብ 4 ሚሊ ሴኮንድ። ደንበኞቹ በአብዛኛው በሀገር ውስጥ ለሚታዩ ድርጅት አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ግልጽ ብልጫ አለው። ውጭ ያለው ደግሞ ሰፊ ምርጫና የረከሰ ዋጋ አለው፤ ዳሩ ግን ዋጋው በዶላር ነው።

የዶላሩ ሒሳብ

ከዚህ በታች ያሉት የኪራይና የሽያጭ ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን ማንም ወጣት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ሊሠራው የሚገባ ነው።

ምሩቃችን ውጭ ሀገር አንድ ሰርቨር በወር በ20 ዶላር ተከራየ እንበል። ደንበኞች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት የቁጥጥር ሶፍትዌር ፈቃድ 20 ዶላር፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ 5 ዶላር፤ በድምሩ በወር 45፣ በዓመት 540 ዶላር። ለአንድ ደንበኛ በዓመት 3,000 ብር ያስከፍላል። አንዱ ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ የዓመቱ ወጪ 30,780 ብር ነው፤ 11 ደንበኞች ይሸፍኑታል። ዶላሩ 100 ብር ሲሆን 18 ደንበኞች ያስፈልጋሉ። 150 ቢሆን 27። ሰርቨሩ ያው፣ ሥራው ያው፣ ደሴም ያችው ናት።

ከዚህ የሚብሰው ግን የጊዜው አለመገጣጠም ነው። ሆስቲንግ በየአገሩ የሚሸጠው ለዓመት ቅድሚያ ተከፍሎ ነው፤ የሰርቨሩ ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል። ምሩቃችን በግንቦት 2016 ዓ.ም. አጋማሽ 20 ደንበኞች አግኝቶ 60,000 ብር ሰበሰበ እንበል። ወጪው 30,780 ስለሆነ ከ29,000 ብር በላይ ይተርፈኛል ብሎ ያስባል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በአሮጌው ተመን 5,130 ብር ከፈለ። የቀሩትን አሥር ወራት ዶላሩን በአማካይ 120 ብር ብንለው 54,000 ብር ይከፍላል። ድምሩ 59,130 ነው። ለዓመቱ ድካሙ የተረፈው 870 ብር ሆነ፤ ከዚህ ላይ የስልክና የትራንስፖርት ወጪ ገና አልተቀነሰም። ደንበኞቹን ጨምሩ እንዳይል ውል አለበት። ያጠፋው ጥፋት ግን የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር ያመጣሉ። ለብዙ ዓመታት የትናንሽ ሆስቲንግ ድርጅቶች መሠረት የነበረው ሲፓነል የተባለው የቁጥጥር ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ ዋጋውን በሰርቨር ከማስላት በደንበኛ ቁጥር ወደ ማስላት ለወጠው። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ትናንሽ ደንበኞችን ሰብስበው ይኖሩ የነበሩ አከራዮች በዓለም ዙሪያ ወጪያቸው በአንድ ጊዜ አሻቀበ። አንዳንዶቹ ነፃ የሆኑ ሌሎች ሶፍትዌሮችን ፍለጋ ሄዱ። ለጀማሪ የሚበጀው ከመጀመሪያው በነፃ ሶፍትዌር መጀመር ነው፤ በእኛ ምሳሌ 20 ዶላሩ ይቀርና የሚያስፈልጉት ደንበኞች ቁጥር በግማሽ ገደማ ይወርዳል። እርግጥ የሚቀረው ገንዘብ በእውቀትና በሌሊት እንቅልፍ ይከፈላል።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል

ነባሮቹ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስከፍሉት ዋጋ አንዳንዴ እጅግ የረከሰ ነው፤ በላዩም «ያልተገደበ ቦታ፣ ያልተገደበ ዝውውር» የሚል ይጻፍበታል። የማይገደብ ዲስክ የተባለ ነገር በዓለም ላይ የለም። አሠራሩ በሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ትርፍ መጫን ይባላል። አብዛኞቹ ድረ ገጾች ተኝተው ስለሚውሉ ሃምሳ ለሚችል ሰርቨር ሁለት መቶ ደንበኛ ቢጫንበት ቀን በቀን አይታወቅም። የመቶ ሺህ ደንበኞች ባለቤት የሆነ ኩባንያ ትርፉን ሲጭን አማካዩ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሰርቨር ቢጨናነቅ ወደ ሌላው ያዛውራል። አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው የደሴ ድርጅት ግን ትርፍ ጭኖ በሰኞ ጠዋት አንድ ኮሌጅ የፈተና ውጤት ቢለጥፍበት፣ የሆቴሉም የክሊኒኩም ገጽ አብሮ ይወድቃል። በተጨማሪም የነባሮቹ ረከስ ያለ ዋጋ ለመጀመሪያው ውል ብቻ መሆኑን፣ እድሳቱ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ደንበኛው የሚረዳው በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው።

በኢሜይልም እንዲሁ። ከአንድ አድራሻ ብዙ ድርጅቶች ይልካሉ፤ አንዱ ደንበኛ በደካማ የይለፍ ቃል ምክንያት ተሰርቆ አላስፈላጊ መልእክት ቢረጭበት፣ አድራሻው በጥቁር መዝገብ ይገባል፤ የሁሉም ደብዳቤ ይመለሳል። ሆቴሉ ለቱሪስት የጻፈው መልስ አልደረሰም፤ ለምን እንዳልደረሰም አያውቅም። ለትንሽ ሆስቲንግ ድርጅት ከድረ ገጽ መውደቅ ይልቅ ደንበኛ የሚያሳጣው ይህ ዓይነቱ ድምፅ የለሽ ብልሽት ይመስለኛል።

ገጹ አለ፣ ባለቤቱ ግን አያየውም

የደሴ ዙሪያን ሥራ ከሌላው ቦታ ለየት የሚያደርገው የቅርብ ጊዜው ታሪክ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ የመብራትና የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ከተሞቹ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመልሰው የገቡት በኅዳር መጨረሻ ነበር። ቀጥሎም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በአብዛኛው አካባቢ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆየ፤ በመደበኛ መስመር የሚሠራ ኢንተርኔት ያላቸው ተቋማት ብቻ በከፊል ይገናኙ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨር አንድም ደቂቃ አይጠፋም። የሆቴሉን ገጽ የናይሮቢም የዋሽንግተንም ሰው ይከፍተዋል። የማያየው ባለቤቱ ነው። ምሩቃችንም «የ99.9 በመቶ» ውሉን በምንም አላፈረሰም፤ ሆኖም ደንበኛው ለማያየው ነገር ለምን እድሳት ይክፈል? አከራዩ ራሱስ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው በምን በኩል ነው? አንድ የጥገና ማሻሻያ በወቅቱ ካልተጫነ ሰርቨሩ ለሰርጎ ገቦች ክፍት ሆኖ ይሰነብታል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቴክኒካዊ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ቁልፍ የያዘ የሥራ ባልደረባ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ክልል መኖር አለበት። ማሻሻያዎች በራሳቸው ጊዜ እንዲጫኑ አስቀድሞ ማዘጋጀትም ይገባል። በውሉም ላይ የሰርቨሩ መቆም አንድ ነገር፣ የመንገዱ መዘጋት ሌላ ነገር መሆኑ በአማርኛ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ጎረቤት ምን ይሸጣል?

በማሽንና በዋጋ ካልተቻለ የሚቀረው ምንድን ነው? ከሚመስለው በላይ ነው።

በመጀመሪያ ክፍያው አለ። ደንበኛው በብር፣ በባንክ ወይም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ይከፍላል፤ የውጭ ካርድ አይለምንም። ሕጋዊ ደረሰኝም ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የገቢዎች ቢሮ የማይቀበለው ወጪ ለነጋዴ ወጪ አይደለምና፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፉ የውጭ ኩባንያ ይህችን አንዲት ወረቀት መስጠት አይችልም።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ዛሬ በተለመደው የአጻጻፍ ሥርዓት እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍ አምስት ነበር። ማይኤስኪውኤል የተባለው ታዋቂ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ስምንተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ፣ ካልተነገረው በቀር ጽሑፍን የሚቀበለው በላቲን ሥርዓት ነበር። ድረ ገጹን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ያዛወረ ሰው የአማርኛ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቢያገኘው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፊደሉን አይቶ የማያውቅ የሩቅ ሀገር የድጋፍ ሠራተኛ ችግሩን ለመረዳት ቀናት ይወስድበታል፤ የደሴው ልጅ በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ባለቤትነት ነው። በሀገራችን ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የደንበኛቸውን ዶሜይን በራሳቸው ስም ማስመዝገባቸው የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ለተንኮል ሳይሆን እንዲቀልለው ብሎ። ባለሙያው ስልክ ሲቀይር ወይም ከሀገር ሲወጣ የድርጅቱ ስም አብሮት ይሄዳል። በቢዝነስ ካርድ ላይ የታተመ፣ ዛሬ ግን የማይከፈት ወይም የማናውቀው ሻጭ ዕቃ የሚያሳይ ስንት አድራሻ አለ! ዶሜይኑን በደንበኛው ስም የሚያስመዘግብና ቁልፉን በፖስታ አሽጎ የሚሰጥ አከራይ፣ በዚህ ብቻ ስሙ በፒያሳም በአራዳም ይነሳለታል። በተቃራኒው ግን ቁልፉን የሰጠው ደንበኛ ነገ ተነሥቶ ሊሄድበት ይችላል። ብዙዎች የሚፈሩት ይህን ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን በግድ የታሰረ ደንበኛ ለትንሽ ከተማ ነጋዴ ከሄደ ደንበኛ የባሰ ነው ብሎ ያምናል፤ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳልና።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ግዴታም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፣ የሰዎችን መረጃ ይዞ የሚያስተናግድን ወገን ሁሉ ይመለከታል። የክሊኒክ ታካሚዎች ዝርዝር ያለበትን ዳታቤዝ የተቀበለ አከራይ ከዕቃ ጠባቂነት አልፏል፤ ሕግ ይጠይቀዋል።

የቅጂው ጉዳይ

በመጨረሻ የምናነሣው በሥራው ውስጥ ከሁሉ አሰልቺ የሆነውን፣ ግን ድርጅትን በአንድ ሌሊት የሚያጠፋውን ነገር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቀደም ሲል በጠቀስነው በኦቪኤች ድርጅት የስትራስቡርግ ማዕከል እሳት ተነሥቶ አንዱን ሕንፃ ሙሉ በሙሉ፣ የሌላውን ከፊል አወደመ። ብዙ ደንበኞች መረጃቸውን ያጡት ቅጂ ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም፤ የከፈሉበት ቅጂ በዚያው ግቢ ተቀምጦ አብሮ ስለተቃጠለም ነው። በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ በሆነ ድርጅት ይህ ከደረሰ፣ ከእርሱ ሰርቨር ተከራይቶ ለሃያ ደንበኞች ያከፋፈለ የደሴ ወጣት «ጥፋቱ የእነርሱ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ደንበኛው የሚያውቀው እርሱን ነው፤ ቢሮውንም ያውቀዋል።

ስለዚህ የቅጂው 5 ዶላር ከምሳሌያችን ውስጥ በምንም ምክንያት አይቀነስም። ቅጂው ከሰርቨሩ በተለየ ሀገርና በተለየ ድርጅት ዘንድ ይቀመጣል፤ ከእርሱም ሌላ አንድ በተነቃይ ዲስክ በደሴ። መኖሩም አይበቃም። በወር አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛ ገጽ ከቅጂው ተነሥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ መታየት አለበት። የሆስቲንግ አገልግሎት ለመግዛት የሚያስብ የሆቴል፣ የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ ባለቤት ስለ ሰርቨሩ ፍጥነትና ስለ ዲስኩ ስፋት ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ «ባለፈው ሳምንት የነበረውን ገጼን አሁን፣ እኔ ፊት መልሰህ ክፈትልኝ» ብሎ ሰዓቱን ቢመለከት ይበቃዋል።